ለበዓል ስጦታ የሚሆን መጽሐፍን ስለ መምረጥ

በዓል ሲቀርብ በየቤቱ ከሚታሰቡት ነገሮች አንዱ ስጦታ ነው። ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለሕፃናት አዲስ ልብስ፣ ለአማትና ለአበልጅ ሙክት ወይም ማር መስጠት ከጥንት የቆየ ልማዳችን ስለ ሆነ፣ ሰጪው በምርጫው ብዙ አይጨነቅም። የነጠላው ጥለት ካማረ፣ ሙክቱም ከሰባ፣ ስጦታው እንደሚወደድ አስቀድሞ ይታወቃል። መጽሐፍን በስጦታ ለመስጠት የሚያስብ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። ጋቢ በማናቸውም ትከሻ ላይ ያርፋል፤ በመጽሐፍ ነገር ግን አንዱን ያስደሰተው ቃል ሌላውን ያስከፋዋል፤ አንዱ በሦስት ቀን የሚጨርሰውን ሌላው በሦስት ዓመት አይገልጠውም።

በተለይ የሚቸገረው አንድን ደራሲ አጥብቆ የሚወድ ሰው ነው። እርሱ ራሱ በደስታ ያነበበውን መጽሐፍ ዘመዶቹ ሁሉ እንዲያነቡለት ይመኛል፤ ስለዚህም ወደ መጻሕፍት መደብር ሄዶ ያንኑ አንዱን መጽሐፍ አምስት ወይም ስድስት ቅጂ ይገዛና ለአባቱም፣ ለእኅቱም፣ ለአማቱም፣ ለክርስትና ልጁም ያድላል። ዓመቱ ዞሮ በዓሉ ሲመለስ ከስድስቱ አምስቱን በየመደርደሪያው እንደ ተዘጉ ያገኛቸዋል፤ ያን ጊዜም ዘመዶቹ ሁሉ ንባብን የሚጠሉ መስለውት ያዝናል። እኛ ግን ጥፋቱ የዘመዶቹ አይመስለንም። ሰውየው መጽሐፉን በገዛ ጊዜ ያሰበው የራሱን ደስታ ነበረ፤ የሚቀበሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አላሰባቸውም።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ልናሳስብ የምንወደው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ደራሲውን ሰጪው ይምረጥ፣ መጽሐፉን ግን የተቀባዩ ዕድሜና ኑሮ ያስመርጠው የሚል ነው። ይህንንም ለማስረዳት፣ በደራሲዎቻችን መካከል ስማቸው የከበረውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን መጻሕፍት በምሳሌነት ወስደናል።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ጥቅምት 7 ቀን 1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በአገራቸው ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ጨመሩበት። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ ኋላም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና ለዓመታት በግዞት ቈዩ። ከነጻነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ፣ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገራቸውን አገልግለው፣ በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

በዚህ ረጅም ዕድሜ ከጻፏቸው መጻሕፍት መካከል ለስጦታ የምናስባቸው አምስት ናቸው፤ ተረት ተረት የመሠረት በ1948፣ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958፣ ወንጀለኛው ዳኛ በ1974፣ የልም እዣት በ1980፣ ትዝታም በ1985 ዓ.ም. ታተሙ። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው 37 ዓመት ያህል መሆኑን ያስተውሏል። የተረት መጽሐፍ አለበት፤ ልብ ወለድ ታሪክ አለበት፤ ደራሲው በዐይናቸው ያዩትን የሚመሰክሩበት የሕይወት ታሪክም አለበት። ስለዚህ አንድ የቤት አባወራ የእኒህን ደራሲ መጻሕፍት ብቻ ለመስጠት ቢወስን፣ ከልጅ ልጅ እስከ አያት ድረስ ላሉት ሁሉ የሚስማማ ያገኛል፤ የሚያስፈልገው ለማን የትኛው እንደሚገባ መለየት ነው።

ከሕፃናት እንጀምር። በአገራችን ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር የሚሰሙት ልጆች እንደየአገሩ ልማድ «የላም በረት» ወይም «የመሠረት» ብለው ይመልሳሉ። የመጽሐፉ ስም ይህ ጥሪና መልስ ስለ ሆነ፣ ገና በሽፋኑ ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል፤ አንዱ የሚነግር፣ አንዱ የሚመልስ። እንግዲህ ለስምንት ወይም ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን መጽሐፍ ሰጥቶ «እንካ አንብብ» ብሎ መሄድ ግማሽ ስጦታ ነው፤ የቀረው ግማሽ የሰጪው የማታ ጊዜ ነው። ከራት በኋላ በየማታው አንድ ተረት ብቻ ቢነበብለት፣ ልጁ ጥቂት ቀን ሲሰነብት መጽሐፉን ከእጅ ነጥቆ ራሱ ለማንበብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ታላቁ ሰው «የመሠረት» እያለ መላሽ ይሁን። በከተማ ፎቅ ቤት ያደገ ልጅ ጐታ ወይም ሞፈር ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ በትዕግሥት ማስረዳት ነው እንጂ «ይህን እንኳ አታውቅም?» ማለት አይገባም። ጥያቄው የተረቱ አንድ ክፍል ነው፤ ልጁ ያላየውን አገር የሚያየው በዚያ ነውና።

ወደ ወጣቶች ስንመጣ የሁሉም ሐሳብ ወደ ፍቅር እስከ መቃብር ይሄዳል። በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች ሁሉ በስም ገናናው ይህ ነው ቢባል ብዙ ተቃዋሚ አይገኝም። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት በዛብህ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር በተጠራ ጊዜ በሁለቱ መካከል የተነሣው ፍቅር፣ የዘርንና የማዕርግን አጥር እንዴት እንደ ተጋፋ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ለ17 ወይም ለ18 ዓመት ወጣት ከዚህ የተሻለ ስጦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ማሰብ ይገባል።

መጀመሪያ ጊዜውን ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ለተማሪ በእንቍጣጣሽ የተሰጠ እንደ ሆነ፣ በዚያው ወር ትምህርት ቤቱ ስለሚከፈት፣ ወጣቱ 30 ወይም 40 ገጽ አንብቦ ያቆመዋል፤ የቆመ መጽሐፍን እንደገና ማንሣት ደግሞ አዲስ ከመጀመር ይከብዳል። ስለዚህ ለፋሲካ ሰጥቶ ክረምቱን ማሳሰብ፣ ወይም ለእንቍጣጣሽ የሚሰጥ ከሆነ «በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍትህ ታነበዋለህ» ብሎ መንገር መልካም ነው። የዒድን በዓል የሚያከብሩ ቤተ ሰቦችም የትምህርት ቤቱን ወራት ተመልክተው እንዲሁ ያድርጉ።

ሁለተኛው ቃሉ ነው። የዛሬ ወጣት የቅኔ ቤትን ሥርዓት፣ የስለትን፣ የጕልትንና የባላገርን ነገር ከአያቶቹ ያነሰ ያውቃል። ሰጪው መጽሐፉን አስቀድሞ ሲያነብ፣ ያስቸግራሉ ያላቸውን ቃላት ከነገጻቸው በትንሽ ወረቀት ጽፎ በመጽሐፉ ውስጥ ቢያኖርለት፣ ወጣቱ ብቻውን እንዳልተተወ ይሰማዋል። ከዚህም የሚሻለው «ይህን ያልገባህን አያትህን ጠይቃቸው» ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአያት ከልጅ ልጅ የሚመጣ ጥያቄ ከማንኛውም የበዓል ስጦታ ይበልጣልና።

ሦስተኛው ከሰጡ በኋላ ስለ መታገሥ ነው። በሳምንቱ «የት ደረስክ?»፣ በወሩ «ገና አልጨረስክም?» እያሉ መጠየቅ ስጦታውን የትምህርት ቤት ፈተና ያደርገዋል። ወጣቱ ያነበበ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ስለ ጉዱ ካሣ ወሬ ያነሣል፤ ያላነበበም እንደ ሆነ መጠየቁ አንባቢ አያደርገውም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። መጽሐፍን በስጦታ ስም ለተግሣጽ የሚልኩ ሰዎች አሉ። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ቤት እናስብ። ልጅ ሊያገባት የመረጣትን ሴት አባት በወገኗ ወይም በድህነቷ ምክንያት አልቀበልም ብለዋል፤ ከዚያም ወዲህ አባትና ልጅ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር በቅጡ ሳይነጋገሩ ብዙ ወራት አልፈዋል። በዓሉ ሲደርስ ልጅ ፍቅር እስከ መቃብርን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ጕልበት ስሞ፣ ለአባቱ ይሰጣል። አባትም መጽሐፉን አንብበውት ወይም ታሪኩን በሬዲዮ ሰምተውት ኖሮ፣ ስለ ዘራቸው ክብር ሲሉ የልጃቸውን ደስታ የዘጉትን የፊታውራሪ መሸሻን ነገር ያውቃሉ። በዘመድ ፊት አመስግነው ይቀበላሉ፤ በልባቸው ግን «እንግዲህ በልጄ ዐይን ፊታውራሪ መሸሻ እኔ ነኝ» ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የነበረው ዝምታ ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ልጁ የያዘው እውነት አይደለም አንልም፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ የሚያምንበትን በራሱ አፍ፣ በሰዎቹ ፊት ይናገር ነበር እንጂ እውነቱን በስጦታ ጠቅልሎ አልላከም፤ ስለ መናገሩም «ጉዱ» መባልን ታገሠ። ልጅም በአባቱ ላይ ያለውን ቅሬታ በራሱ አንደበት፣ በትሕትናና በግልጥ ይናገር፤ ካስፈለገም ሽማግሌ ይላክ። ስጦታ የተቀበለ ሰው በበዓል ቀን መልስ ለመስጠት አይችልም፤ መልስ መስጠት ለማይችል ሰው ተግሣጽ መላክ ደግሞ ከጨዋነት የራቀ ነው።

ታዲያ እንዲህ ላለው አባት ምን ይሰጥ? እኛ ብንጠየቅ ትዝታን ይስጥ እንላለን። ይህ መጽሐፍ ክቡር ሐዲስ በጠላት ወረራ ዘመን በዘማችነትና በምርኮኝነት ያዩትን የተረኩበት ነው። ዛሬ በዕድሜ የገፉ ብዙ አባቶች፣ የዘማች፣ የዐርበኛ ወይም በዚያ ዘመን በግፍ የተገደለ ሰው ልጅ ናቸው፤ በልባቸው ያለውን ታሪክ ግን ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩትም። ልጅ መጽሐፉን ሰጥቶ «አባባ፣ አያቴ የዘመቱት በየት በኩል ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙ ወራት የተዘጋው አፍ ሊከፈት ይችላል። ስለ ጋብቻው ነገር በዚያ ማታ ምንም ላይባል ይችላል፤ ሆኖም ስለ አንድ ነገር መነጋገር የጀመሩ ሰዎች ስለ ሌላውም ለመነጋገር ይቀርባቸዋል። እንግዲህ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ፤ ደራሲው አንድ ናቸው፣ ዋጋውም ብዙ አይለያይም፤ ነገር ግን አንዱ የተቀባዩን አፍ ይዘጋል፣ ሌላው ይከፍተዋል። በስጦታ ምርጫ ከዚህ የሚበልጥ መመዘኛ አናውቅም።

ትዝታን ለሽማግሌ ወይም ለባልቴት የሚሰጥ ሰው ግን ኀዘንም ሊነሣ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ። በበዓሉ ማዕድ ላይ፣ በዘፈንና በሳቅ መካከል ከሚሰጥ ይልቅ፣ በዋዜማው ወይም በማግስቱ፣ ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ ቢሰጥ ይሻላል። ከመጽሐፉም ጋር አንድ ባዶ ደብተር ቢጨመርበት፣ ሽማግሌው የሚያስታውሱትን ልጆቻቸው እየሰሙ ይጽፉበታል። የታተመው መጽሐፍ የብዙዎች ነው፤ ደብተሩ ግን የዚያ ቤት ብቻ ታሪክ ይሆናል።

የመጽሐፍ ስምም ራሱ የሚናገረው ነገር አለው። ታምሞ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው፣ በሽፋኑ ላይ «መቃብር» የሚል ቃል ያለበትን መጽሐፍ በትራሱ አጠገብ ማኖር፣ ሰጪው በፍጹም ፍቅር ቢያደርገውም፣ አስታማሚዎችን ያስደነግጣል። ለሙሽሮችም ቢሆን፣ ምንም እንኳ ስሙ ፍጹም ፍቅርን የሚያመለክት ቢሆን፣ ታሪኩ በኀዘን የሚፈጸም ስለ ሆነ በሠርጉ ሰሞን ከመስጠት ጫጉላው እስኪያልፍ መቈየት ይሻላል። ወንጀለኛው ዳኛ የሚባለውንም መጽሐፍ በፍርድ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ወዳጅ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ አይገባም። መጽሐፉን የሚያመጣው በችሎቱ ጉዳይ ያለው ሰው ከሆነስ ጨርሶ መቅረት አለበት፤ ስሙ ስድብ፣ ስጦታው መማለጃ ሊመስል ይችላልና። ልዩ ወዳጅ የሆነ ግን በቤቱ ተገኝቶ፣ በእጁ ሰጥቶ፣ «ይህን ያመጣሁልህ የደራሲው ወዳጅ መሆንህን ስለማውቅ ነው» ቢለው፣ ዳኛው ራሱ ስቆ ይቀበለዋል።

ፍቅር እስከ መቃብርን ደጋግሞ ላነበበና በየመሥሪያ ቤቱ ስለ እርሱ ለሚከራከር ሰው ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ እንደገና መስጠት ውኃን ወደ ወንዝ እንደ መውሰድ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የልም እዣት ይስማማዋል። ብዙ አንባቢ የደራሲውን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ታሪክ አንብቦ እዚያው ያቆማል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለቱ በታላቅ ወንድማቸው ጥላ ሥር እንደ ቀሩ ታናናሾች ናቸው። በደንብ የሚያነብ ወዳጅን የሚያስደስተው ያልደረሰበትን ማድረስ ነው።

ዐይናቸው የደከመባቸውንስ ሰዎች ከዚህ ስጦታ እናውጣቸውን? አይገባም። ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ሬዲዮ በታላቁ ተዋናይ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በተተረከ ጊዜ፣ ፊደል ያልቈጠረው ሁሉ ሳይቀር ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጦ ይሰማ እንደ ነበረ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ያስታውሳሉ። ይህም መጽሐፍ በጆሮም እንደሚነበብ አስረድቶናል። ስለዚህ ለደከሙ አያት መጽሐፍ የሚሰጥ ሰው፣ የሚያነብላቸውን ሰው አብሮ ይስጥ። ከልጅ ልጆች አንዱ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ አንድ ምዕራፍ እንዲያነብ ቢደረግ፣ አያት ታሪክ ያገኛሉ፤ ልጁም አማርኛን አጥርቶ ማንበብን ይማራል። በሚሳሳትበትም ቃል ከእርሳቸው የሚሻል አራሚ አያገኝም።

በውጭ አገር ላሉ ዘመዶች መጽሐፍ የሚልኩ ብዙዎች ናቸው። በዋሽንግተን ወይም በሌላ ከተማ የተወለዱ ልጆች አማርኛን እየሰሙና እየተናገሩ ፊደሉን የማያነቡ ከሆነ፣ አማርኛውን ብቻ መላክ ደጁ የተቈለፈ ቤት እንደ መስጠት ይሆንባቸዋል። ፍቅር እስከ መቃብር በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ስለ ታተመ፣ የሚቻል ሲሆን ሁለቱን አንድነት መላክ ይገባል፤ እንግሊዝኛውን ልጆቹ ያነባሉ፣ አማርኛውን ወላጆቻቸው እያነበቡ ያሰሟቸዋል። ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ የተሞላ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ለሁለት መጻሕፍት የሚሆን ቦታ ግን አይጠፋም።

አሁን ስለ መግዛቱና ስለ መስጠቱ ሥርዓት ጥቂት እንናገር። መጽሐፉን ከመግዛት አስቀድሞ ገልጦ መመልከት ያስፈልጋል። ገጾቹ በተራ መሆናቸውን፣ ፊደሉ አለመደብዘዙን፣ ጥራዙም አለመላቀቁን ይመርምሩ፤ ለራሳችን የገዛነው ቢጐድል እንመልሰዋለን፣ በስጦታ የተቀበለ ሰው ግን አፍሮ ዝም ይላል። ያለ ፈቃድ የተባዛ ቅጂም ለስጦታ አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410፣ የደራሲ የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። በዚህ ሒሳብ የክቡር ሐዲስ ሥራዎች እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ የተጠበቁ ናቸው ማለት ነው። ደራሲውን እወዳለሁ የሚል ሰው ከወራሾቻቸው እጅ በተነጠቀ ገንዘብ ፍቅሩን ሊገልጥ አይችልም።

በመጽሐፉ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጽሕፈት መጻፍ መልካም ልማድ ነው። አባቶቻችን በብራና መጻሕፍት ላይ የባለቤቱን ስም ጽፈው፣ የሰረቀውንና የፋቀውንም ያወግዙ ነበር። እኛ ውግዘቱን ትተን ስሙን እንጻፍ። የተቀባዩ ስም፣ የበዓሉ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የሰጪውም ስም ይበቃል፤ ቢጨመር ስለዚያ ሰው ብቻ የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ረጅም ምክር፣ «ከዚህ ተማር» የሚል ትእዛዝ፣ የገንዘቡም ልክ ሊታይ አይገባም። ይህች አጭር ጽሕፈት ከሃምሳ ዓመት በኋላ በልጅ ልጅ እጅ ስትገባ የቤቱ ቅርስ ትሆናለች።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ሰጪው መጽሐፉን ራሱ ያንብበው። ያላነበቡትን መጽሐፍ በስሙ ብቻ መስጠት፣ ያልቀመሱትን ወጥ ለእንግዳ እንደ ማቅረብ ነው። ያነበበው ሰው ግን ለማን እንደሚስማማ ያውቃል፤ የትኛው ገጽ ላይ ተቀባዩ እንደሚስቅ፣ የትኛው ላይም ልቡ እንደሚነካ ያስባል። ይህ ማሰብ ነው ስጦታውን ከሸቀጥ የሚለየው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ተቀባዩ መጽሐፉን ሳይወደው ቢቀር አይፈረድበትም። አንድን ደራሲ መውደድ እንደ ግብር የሚጣል ዕዳ አይደለም። መጽሐፉን ሳያነብ ለሌላ ዘመድ ቢያሳልፈው እንኳ ቅር ልንሰኝ አይገባንም፤ በመስተዋት ሣጥን ተቈልፎ ከሚያጌጥ መጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ለደራሲው ክብር ነውና። ምናልባት ለአጎት የተሰጠው ትዝታ ማንም ባላሰበበት መንገድ ዞሮ በአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ትራስ ሥር ይገኝ ይሆናል፤ ለእርስዋ ማን እንደ ሰጣት ተጠይቃ «ማንም አልሰጠኝም፣ እኔ ወሰድሁት» ብትል፣ ያ ስጦታ ባለቤቱን አገኘ እንላለን።

አንባቢዎቻችን በሚመጣው በዓል ወደ መጻሕፍት መደብር ሲሄዱ፣ በእጃቸው የመጻሕፍት ስም ዝርዝር ሳይሆን የቤተ ሰባቸውን ስም ዝርዝር ይዘው እንዲሄዱ እንመክራለን። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም «ከዚህ ሰው ጋር ስለ ምን ነገር ለመነጋገር እፈልጋለሁ?» ብለው ይጻፉበት። መልሱ መጽሐፉን ይመርጥላቸዋል።